የሞላሰስ ታንካችን ሌቭል፦ ባብለሩን እንጣለው ወይስ እናድነው?

የኢንስትሩመንት_ልጅ

ሰላም ለሁላችሁም። ስኳር ፋብሪካ ኢንስትሩመንት ክፍል ነው የምሰራው፣ አንድ ነገር እያከራከረን ስለሆነ ልምድ ያላችሁ እርዱኝ። የሞላሰስ (ከስኳር የሚተርፈው ወፍራም ፈሳሽ) ማጠራቀሚያ ታንካችን ቁመቱ 8 ሜትር ነው፣ ሌቭሉ የሚለካው በአየር ነው፣ ባብለር የሚሉት ማለት ነው። ከላይ ቀጭን ፓይፕ ታንኩ ስር ድረስ ይወርዳል፣ ትንሽ ትንሽ አየር ይለቀቅበታል፣ አየሩ ከታች ቡልቅ ቡልቅ እያለ ይወጣል፣ ፓይፑ ውስጥ ያለውን ፕሬዠር ደሞ ኒውማቲክ ትራንስሚተር ተቀብሎ ከ3 እስከ 15 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ ነው) አርጎ ወደ ኮንትሮል ሩም ይልከዋል፣ እዛ ያለው ጌጅ ከ0 እስከ 8 ሜትር ተጽፎበታል። ኤሌክትሪክ የሚባል ነገር የለበትም ከጫፍ እስከ ጫፍ አየር ብቻ ነው።

ችግሩ ውሸት እያነበበ ነው። ታንኩ ላይ ወጥተን በሜትር ስንለካ 5 ሜትር የሆነውን ጌጁ 7.6 ይላል፣ ኦፕሬተሩ ሞልቷል ብሎ መስመሩን ይዘጋል፣ ከዛ ከፕሮዳክሽን ጋር ጭቅጭቅ ነው። አዲስ የገቡት ኢንጂነሮች "ይሄ የድሮ እቃ ነው ነቅለን ራዳር እንግጠም" ይላሉ፣ ራዳሩ (ከላይ ሆኖ በሬዲዮ ሞገድ ከፍታ የሚለካው) ደሞ በዶላር ነው የሚገዛው መቼ እንደሚመጣ አይታወቅም። እኔ ልቤ አልቆረጠም። የአየር ኢንስትሩመንት እውነት ጊዜው አልፏል? ወይስ እኛ ነን ያላወቅንበት?

ዲጂታል_ይሻላል

ወንድሜ በግልጽ ልንገርህ ጊዜው አልፏል። እኔ ሲሚንቶ ላይ ነው የምሰራው ሁሉም 4–20 ሚሊአምፕ ነው (በሽቦ የሚሄድ የኤሌክትሪክ ሲግናል)፣ ከኮንትሮል ሩም ቁጭ ብለህ ካሊብሬት ታረጋለህ (ንባቡን ከእውነተኛው ልክ ጋር ታስተካክላለህ)፣ ዳታው ይመዘገባል። የአየር ቱቦ 100 ሜትር ዘርግተህ ሲግናል እስኪደርስ ስትጠብቅ፣ መገጣጠሚያው ሲያፈስ በሳሙና አረፋ ስትፈልግ.. ለምን? ራዳሩን ግጠሙና ተገላገሉ።

መምህርት_ፍሉይድ

ከመንቀላችሁ በፊት ትንሽ ቁጥር እንይ። የኢንስትሩመንት ልጅ፣ አንድ ቦታ ላይ ብቻ የተለካ ቁጥር ምንም አይነግረንም። ታንኩ ዝቅ ሲልና መሀል ላይ ሲሆን በሜትር የለካችሁትና ጌጁ ያነበበው ካለህ አምጣልኝ፣ ቢያንስ ሶስት ነጥብ። ጌጁ ላይ ያለው የሜትር ምልክት በምን ታስቦ እንደተጻፈም (በውሃ ነው በሞላሰስ?) ከፋይሉ ፈልግ።

የኢንስትሩመንት_ልጅ

እሺ መምህር። ሺፍት ላይ ያሉ ልጆች የመዘገቡት አለ። በሜትር 1 ሲሆን ጌጁ 2.0፣ በሜትር 3 ሲሆን 4.8፣ በሜትር 5 ሲሆን 7.6። ከዛ በላይ ጌጁ ጥግ ስለሚነካ አይነበብም። የድሮ ካሊብሬሽን ወረቀት ላይ ደሞ "0–80 ኪሎፓስካል = 3–15 ፒኤስአይ" ይላል ሌላ ምንም የለም።

መምህርት_ፍሉይድ

በጣም ጥሩ ዳታ ነው ያመጣህልን፣ ውስጡ መልሱ ተጽፏል።

ባብለር የሚለካው ከፍታ አይደለም፣ ግፊት ነው። አየሩ ከፓይፑ ጫፍ ለመውጣት ከላዩ ያለውን ፈሳሽ ማሸነፍ አለበት፣ ስለዚህ ፓይፑ ውስጥ ያለው ግፊት = ዴንሲቲ (እፍጋት) × 9.81 × ከፍታ። 80 ኪሎፓስካል ብለው የጻፉት 8 ሜትር ውሃ ነው (8 × 9.81 = 78.5 ትንሽ አጠጋግተውት)። ሞላሰስ ግን ውሃ አይደለም፣ ዴንሲቲው 1.4 አካባቢ ነው፣ ማለትም አንድ ሜትር ሞላሰስ የ1.4 ሜትር ውሃ ያህል ይጫናል።

አሁን ቁጥሮችህን እያቸው። ከ1 ወደ 3 ሜትር ስትሄድ ጌጁ በ2.8 ጨመረ። ከ3 ወደ 5ም በ2.8 ጨመረ። 2.8ን ለ2 ስታካፍለው 1.4! ጌጁ ሞላሰሱን አልዋሸበትም፣ ስኬሉ በውሃ ስለተጻፈ ነው። ይሄ አንደኛው ስህተት ነው፣ የሚያባዛ ስህተት።

ግን 1 ሜትር ላይ 1.4 ማንበብ ሲገባው 2.0 አነበበ። 3 ላይ 4.2 ሲገባው 4.8። 5 ላይ 7.0 ሲገባው 7.6። ሁልጊዜ 0.6 ትርፍ አለ። ይሄ ሁለተኛው ስህተት ነው፣ የሚደምር ስህተት፣ መነሻውም ሌላ ነው። 0.6 ሜትር ውሃ ማለት 6 ኪሎፓስካል ገደማ ነው፣ የሆነ ቦታ ላይ ያለአግባብ የተጨመረ ግፊት አለ ወይም ትራንስሚተሩ ዜሮው ተንቀሳቅሷል። እዚህ ላይ ግን እጃቸው በዘይት የተለወሰ ሰዎች ይምጡና ይናገሩ፣ እኔ ክፍል ውስጥ ነው የማስተምረው።

ጡረተኛው_ቴክኒሻን

መምህሯ በትክክል አስቀምጠዋታል እግዜር ይስጥልን። ልጄ እኔ ዕድሜዬን በሙሉ አየር ላይ ነው የሰራሁት ስለዚህ የሚደመረውን ስህተት እንዴት እንደምታገኘው ልንገርህ።

መጀመሪያ ምንም ነገር አትፍታ። ባብለሩ ጋ አየሩን የምትቆጣጠርበት ትንሽ ሮታሜትር አለች አይደል፣ ኳሷ የምትንሳፈፍባት የመስታወት ቱቦ። የአየሩን መጠን በግማሽ ቀንሰውና ጌጁን ተመልከት። ባብለር ጤነኛ ከሆነ አየሩን ብትቀንስም ብትጨምርም ንባቡ መለወጥ የለበትም፣ ምክንያቱም የሚለካው ፈሳሹን እንጂ አየሩን አይደለም። አየሩን ስትቀንስ ንባቡ አብሮ ከወረደ ፓይፑ ውስጥ አየሩን የሚያንቀው ነገር አለ ማለት ነው፣ አየሩ ለመውጣት ከሚገባው በላይ እየታገለ ነው። ካልወረደ ደሞ ትራንስሚተሩን ከመስመሩ ለይተህ ለአየር ክፈተውና መውጫው 3 ፒኤስአይ መሆኑን እይ፣ 3 ካልሆነ ዜሮው ነው።

እኔ ግን ከሩቅ ሆኜ ስገምት ጫፉ ነው የተደፈነው። ሞላሰስ ላይ ሁሌም እንደዛ ነው፣ ደረቅ አየር ቀን ከሌት ጫፉ ላይ ሲነፍስ ሞላሰሱን ያደርቀዋል፣ ስኳሩ ይጋገራል፣ የፓይፑ አፍ ቀስ በቀስ ይጠባል። ዛሬ 0.6 ይላል፣ ዝም ብትለው ነገ 2 ሜትር ይጨምርብሃል፣ መጨረሻ ላይ ሙሉ በሙሉ ሲዘጋ ጌጁ ጥጉን ይዞ ይቀራል። ቱቦው አንድ ቦታ ቢያፈስ ግን ተቃራኒው ነው የሚሆነው፣ ከእውነቱ በታች ያነባል፣ እሱ ነው የሚያስፈራው ታንክ የሚያስፈስሰው። ትርፍ ሲያነብ መደፈን፣ ጎድሎ ሲያነብ ማፍሰስ፣ ይሄን ያዝ።

የኢንስትሩመንት_ልጅ

ጋሼ አመሰግናለሁ በጣም። ነገ ጠዋት እሞክረዋለሁ። ግን አንድ ጥያቄ፣ ትራንስሚተሩ ውስጥ ያለውን ነገር ማንም አስተምሮኝ አያውቅም፣ ዝም ብለን እንደ ጥቁር ሳጥን ነው የምናየው፣ እንዴት ነው አየር አየርን የሚለካው?

ጡረተኛው_ቴክኒሻን

ጥሩ ጠየቅክ፣ እሱን ያወቀ ሰው የፈለገውን የአየር ኢንስትሩመንት ይጠግናል፣ ሁሉም ከአንድ ነገር ነው የተወለዱት።

20 ፒኤስአይ የሆነ ንጹህ አየር በጣም ጠባብ ቀዳዳ ያልፋል፣ ሩብ ሚሊሜትር የምትሆን ቀዳዳ ናት። ከሷ በኋላ አየሩ በኖዝል ይወጣል፣ ኖዝሉ ከመግቢያዋ ቀዳዳ ሰፋ ያለ ነው፣ ከግማሽ ሚሊሜትር ትንሽ ከፍ ይላል። ኖዝሉ ፊት ለፊት ፍላፐር የሚባል ስስ ብረት ቆሟል። የውሃ ጎማ አፍ ላይ ጣትህን ስታስጠጋ ጎማው ውስጥ ያለው ግፊት እንደሚጨምረው ፍላፐሩም ወደ ኖዝሉ ሲጠጋ ከኋላ ያለው ግፊት ይጨምራል፣ ሲርቅ ይቀንሳል። የሚገርመው ነገር ፍላፐሩ መንቀሳቀስ ያለበት የሚሊሜትር መቶኛ ሁለት ሶስት እጅ ብቻ ነው፣ በአይን አታየውም፣ ጸጉር እንኳን ከሱ ይወፍራል፣ ግፊቱ ግን ከጫፍ እስከ ጫፍ ይለወጣል። ያንን ደካማ ግፊት ሪሌ ተቀብሎ ያጎለብተዋል፣ ወደ ኮንትሮል ሩም ይልከዋል፣ ከዛው ላይ ደሞ ወደ ቤሎው (እንደ አኮርዲዮን የሚለጠጥ ከረጢት) ይመለስና ፍላፐሩን መልሶ ይገፋዋል፣ ሚዛን እስኪይዝ። ያ መልሶ መግፋት ባይኖር ኖሮ ትንሽ ስትነካው ጥግ ይሄድ ነበር፣ ልኩን የሚጠብቀው እሱ ነው።

ከዚህ ሁለት ብልሽት ትማራለህ። የመግቢያዋ ጠባብ ቀዳዳ ስትደፈን መውጫው ይሞታል ወደ ዜሮ ይወርዳል። ኖዝሉ ላይ ቆሻሻ ሲቀመጥ ደሞ መውጫው ወደ ላይ ይሰቀላል። ክዳኑን ከፍተህ ፍላፐሩን በጣትህ ቀስ ብለህ ወደ ኖዝሉ አስጠጋው፣ መውጫው ከጨመረ ውስጡ በህይወት አለ። ካልጨመረ ጠባቧን ቀዳዳ አጽዳ። ስታጸዳ ግን ብዙ ኢንስትሩመንቶች ላይ የምትጫን ማጽጃ ሽቦ አለች፣ እሷን ተጠቀም፣ መርፌ ወይም ድሪል ጫፍ እንዳታስገባባት አደራህን። ቀዳዳዋ አንዴ ከሰፋች ኢንስትሩመንቱ አበቃለት።

ሌላው ከ3 የሚጀምርበት ምክንያት ነው። ታንኩ ባዶ ሲሆን 3 ይላል፣ ቱቦው ሲበጠስ ወይም አየር ሲቋረጥ 0 ይላል። ባዶነትንና ብልሽትን ለይተህ ታውቃለህ። የናንተ 4–20 ሚሊአምፕም ከ4 የሚጀምረው በዚሁ ሀሳብ ነው፣ ዲጂታል ይሻላል ያልከው ልጅ፣ ሀሳቡን አየሩ ቀድሞ ይዞታል።

ኩዌት_ሺፍት_ሁለት

ሰላም ወገኖች። ጋሼ ጡረተኛው የጻፉትን ሳነብ ደስ አለኝ፣ እኔ ገልፍ ውስጥ ዘይትና ጋዝ ላይ ነው የምሰራው። የአየር እቃ ጊዜው አለፈ የሚለውን አልስማማም። ራዳርና ስማርት ትራንስሚተር ሞልቶናል እውነት ነው፣ ግን ብልጭታ አንድ ጊዜ ቢነሳ ሁሉ ነገር የሚነድበት ቦታ ላይ ዛሬም በአየር የሚሰራ ሴንሰር አለ። ለምሳሌ የእሳት መለያ ሉፕ፣ የነዳጅ ጉድጓዱ ዙሪያ ግፊት ያለው አየር የተሞላ ቱቦ ይዞራል፣ ቱቦው ላይ በሙቀት የሚቀልጡ መሰኪያዎች አሉ። እሳት ሲነሳ መሰኪያው ይቀልጣል፣ አየሩ ያመልጣል፣ ግፊቱ ሲወርድ የጉድጓዱ ቫልቭ ራሱን ይዘጋል። መብራት ቢጠፋም፣ ኮምፒውተሩ ቢሞትም፣ ኬብሉ ቢቃጠልም ይሰራል። እንደውም ቱቦው ራሱ ቢቃጠል ያው ይዘጋል። ከዚህ የበለጠ የሚታመን ምን አለ?

ኮንትሮል ቫልቮቻችንም አብዛኞቹ ዛሬም በአየር ነው የሚንቀሳቀሱት። ሲግናሉ በሽቦ ይመጣል መጨረሻ ላይ ግን የሚገፋው አየር ነው።

ግን አንድ ነገር ላይ ቀልድ የለም፣ አየሩ ንጹህና ደረቅ መሆን አለበት። የኢንስትሩመንት አየር ብለው ለብቻው የሚያደርቁት በምክንያት ነው፣ በአካባቢው ከሚደርሰው ዝቅተኛ ሙቀት ቢያንስ በ10 ዲግሪ ዝቅ ያለ የጤዛ ነጥብ (እርጥበቱ ውሃ የሚሆንበት ሙቀት) ይኑረው ይላል ደረጃው። ከኮምፕሬሰር ዘይትና ውሃ ይዞ የሚመጣ አየር ጋሼ ያሏትን ሩብ ሚሊሜትር ቀዳዳ ይደፍናታል፣ ከዛ "የድሮ እቃ አይሰራም" ይባላል። በደንብ እያቸው፣ አብዛኛውን ጊዜ የተበላሸው ኢንስትሩመንቱ ሳይሆን ድራየሩ (አየር ማድረቂያው) ነው።

ዲጂታል_ይሻላል

እሺ የእሳቱን ተቀበልኩ፣ እሱ ሌላ ነው። ለታንክ ሌቭል ግን አሁንም ራዳር ይሻላል ባይ ነኝ። ዴንሲቲ አያስጨንቀውም፣ ምንም ነገር ፈሳሹን አይነካም፣ አይደፈንም። ሞላሰሱ ቢወፍር ቢቀጥን ከፍታውን በቀጥታ ይሰጥሃል። ባብለሩ ግን መምህርቷ እንዳሉት ዴንሲቲ በተለወጠ ቁጥር ይሳሳታል።

መምህርት_ፍሉይድ

ትክክል ነህ፣ ራዳር ከፍታን ይሰጣል፣ ዴንሲቲም አይነካውም (አረፋ ግን ያውከዋል፣ ሞላሰስ ደሞ አረፋ ያወጣል)። ግን አንድ ጥያቄ ልጠይቅህ፣ ፋብሪካው ሞላሰስ የሚሸጠው በምንድነው? በሜትር ነው?

በቶን ነው። እና ባብለሩ እየነገራችሁ ያለው ቶኑን ነው! ግፊት ማለት በአንድ ካሬ ሜትር ላይ ያረፈ ክብደት ነው፣ የታንኩ ግድግዳ ቀጥ ያለ ከሆነ ግፊቱን በታንኩ ወለል ስፋት ስታባዛው ከጫፉ በላይ ያለውን ሞላሰስ ክብደት ታገኛለህ፣ ዴንሲቲውን ማወቅ ሳያስፈልግህ። ሞላሰሱ ሞቆ ቢያብጥ ከፍታው ይጨምራል ዴንሲቲው ይቀንሳል፣ ሁለቱ ይጣፋሉ፣ ክብደቱ ያው ነው። ራዳር ግን ሲያብጥ "ጨመረ" ይልሃል፣ ምንም ሳይጨመር።

በቁጥር ላሳይህ። የታንኩ ዲያሜትር 10 ሜትር ነው እንበል፣ ወለሉ 78.5 ካሬ ሜትር ይሆናል። 5 ሜትር ሞላሰስ 68.7 ኪሎፓስካል ይሰጣል። 68.7 ÷ 9.81 × 78.5 = 550 ቶን። በሌላ መንገድ ብትሄድ 5 × 78.5 × 1.4 ያው 550 ነው። አያችሁ ባብለሩ ጋ ስሰራ 1.4ን አልተጠቀምኩም።

ስለዚህ የኔ ምክር ጌጁን በሜትር ሳይሆን በቶን ጻፉት። እንዳይፈስ ለመጠበቅ ከፍታውን ማወቅ የግድ ስለሆነ ደሞ ከላይ በኩል ለብቻው የሙላት ማስጠንቀቂያ ይኑራችሁ፣ በባብለሩ ላይ ብቻ አትደገፉ።

ማደያ_ሰራተኛ

እኔ ኢንጂነር አይደለሁም ግን ስታወሩ አንድ ነገር ትዝ አለኝ፣ ማደያ ላይ ነው የምሰራው። መኪናው ሲሞላ ነዳጁ ራሱን ቀጥ የሚያረገው እንዴት ነው? መቅጃው ላይ ምንም ሽቦ የለም እኮ። የናንተ አየር ነገር ነው?

ኩዌት_ሺፍት_ሁለት

ወንድሜ ከሁላችን የተሻለውን ምሳሌ አመጣህ። አዎ ራሱ ነው። የመቅጃውን አፍ ጫፍ በደንብ እየው፣ ትንሽዬ ቀዳዳ አለች፣ ከሷ ቀጭን ቱቦ ወደ ውስጥ ይሄዳል። ነዳጁ መቅጃው ውስጥ ጠባብ ቦታ ላይ በፍጥነት ሲያልፍ ግፊቱ ይወርዳልና አየር ይስባል፣ ቬንቹሪ የሚሉት ነው። አየሩ የሚሳበው በዛች ቀዳዳ ነው። ታንከሩ ሲሞላ ነዳጁ ቀዳዳዋን ይሸፍናታል፣ አየር መግባት ያቆማል፣ ቫኪዩሙ ውስጥ ያለውን ዲያፍራም ይስበዋል፣ ዲያፍራሙ መያዣውን ይለቀዋል፣ ጠቅ ብሎ ይዘጋል። ነዳጁ ራሱ ነው ሀይሉን የሚሰጠው፣ ራሱ ነው ሌቭሉን የሚለካው። ነዳጅ ባለበት ቦታ ኤሌክትሪክ ሴንሰር ላስገባ ቢሉ ስንት ጣጣ ነበር።

አንዳንዴ ሳይሞላ ጠቅ እያለ የሚያስቸግረው አረፋው ወይም ፍንጣቂው ቀዳዳዋን ሲሸፍናት ነው፣ ትንሽ ወጣ አርገህ ወይም ፍጥነቱን ቀንሰህ ቅዳ። ቀዳዳዋ በቆሻሻ ከተደፈነችም ያለማቋረጥ ይዘጋል።

ማደያ_ሰራተኛ

ስንት አመት ይዤው ውዬ ቀዳዳዋን አላየኋትም ነበር፣ አሁን ሄጄ አየኋት። ተባረክ።

ቶርኖ_ሜሪላንድ

ከአሜሪካ ነኝ፣ ማሽን ሾፕ ውስጥ ነው የምሰራው። እኛ ጋ ደሞ አየር የምንጠቀመው ለልኬት ነው፣ ኤር ጌጅ ይባላል፣ ጋሼ የነገሩን ኖዝልና ጠባብ ቀዳዳ ራሱ ነው። ክብ መሰኪያ ላይ ግራና ቀኝ ኖዝል አለ፣ የተበሳው ብረት ውስጥ ታስገባዋለህ፣ ብረቱ ራሱ ነው ፍላፐር የሚሆነው። ቀዳዳው ሰፋ ካለ አየሩ በቀላሉ ይወጣል ግፊቱ ይወርዳል፣ ከጠበበ ግፊቱ ይጨምራል። የማይክሮን ክፍልፋይ ያነባል፣ አንድ ማይክሮን የሚሊሜትር ሺህኛ ማለት ነው። ይሄን መንገድ ያስፋፋው ሶሌክስ የሚባለው የፈረንሳይ ካርቡሬተር ሰሪ ነው፣ በ1920ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.)፣ የካርቡሬተር ቀዳዳዎችን በትክክል ለመለካት ብለው ነው የጀመሩት።

የምወድለት ነገር ብረቱን አይነካውም፣ አይጭረውም፣ የሚነፍሰው አየር ደሞ ዘይቱንና ኩላንቱን ራሱ ጠርጎ ይለካል። ሁለት ማስተር ሪንግ (ልካቸው በትክክል የታወቀ ቀለበቶች) ይዘህ ትልቁንና ትንሹን ታስተካክላለህ ከዛ ቀኑን ሙሉ ትለካለህ። ድካሙ ግን የሚለካው ክልል ጠባብ ነው፣ የሚሊሜትር አስረኛ ገደማ፣ ለእያንዳንዱ ልክ የራሱ መሰኪያ ያስፈልጋል። ስለዚህ ብዙ ተመሳሳይ እቃ ለሚያመርት ሰው ነው የሚያዋጣው፣ አንድ ሁለት እቃ ለሚሰራ አይደለም።

መምህርት_ፍሉይድ

ጥሩ መጣህ። አንድ ነገር ልጨምር፣ ተማሪዎቼን ሁሌ የሚገርማቸው። በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ፍሉይዲክስ የሚባል ዘርፍ ነበር፣ አሜሪካ ውስጥ በኋላ ሃሪ ዳይመንድ ላቦራቶሪ የተባለው የጦር ሰራዊቱ ተቋም ነው በ1960 ይፋ ያረገው። ምንም የሚንቀሳቀስ አካል የሌለው፣ የአየር ጅረት ግድግዳ ላይ የመለጠፍ ጸባዩን ተጠቅሞ (ኮአንዳ ኢፌክት) አንድና ዜሮ የሚያስብ ሰርኪት ነበር። ኮምፒውተሩን ትራንዚስተርና አይሲ በለጡት፣ ሴንሰሩ ግን አልሞተም። ጅረቱ ግራና ቀኝ እንዲወዛወዝ የተቀረጸ ክፍል ውስጥ ፈሳሽ ስታሳልፍ የመወዛወዙ ፍጥነት ከፍሰቱ መጠን ጋር ይሄዳል፣ በዚህ የሚሰራ የፍሰት መለኪያ ዛሬም አለ። በድምጽ ፍጥነት የሚወዛወዝ አይነት ካደረግከው ደሞ ሙቀት ይለካል፣ የድምጽ ፍጥነት ከጋዙ ሙቀት ጋር ስለሚጨምር።

የፓን_ኦፕሬተር

ይቅርታ ክሩን ላጠልፍባችሁ ነው ግን ስኳር ሰዎች ስለሆናችሁ ልጠይቅ። ቫኪዩም ፓን (ስኳሩ በቫኪዩም የሚፈላበት ትልቅ ድስት) ላይ ነኝ። የፓኑ ማኑዋል 650 ሚሊሜትር ሜርኩሪ ቫኪዩም ይላል፣ የኛ ጌጅ ግን ከ530 ንቅንቅ አይልም። ፋብሪካችን 1,500 ሜትር ከፍታ አካባቢ ነው ያለው። ኤጀክተሩ (አየሩን ከፓኑ የሚስበው) ደክሟል፣ ያፈሳል እያሉ ሁሌ እኛ ላይ ነው የሚጮሁት።

መምህርት_ፍሉይድ

ክሩን አላጠለፍክም ልኩ ይሄው ነው። ማኑዋሉ የተጻፈው ባህር ጠለል ላይ ነው፣ እዛ የአየር ግፊት 760 ሚሊሜትር ነው። 650 ቫኪዩም ማለት ፓኑ ውስጥ የቀረው 760 – 650 = 110 ሚሊሜትር አብሶሉት (ከሙሉ ባዶነት ተነስቶ የሚቆጠር ግፊት) ነው። ስኳሩን የሚያፈላው እሱ የቀረው 110 ነው እንጂ ጌጁ ላይ ያለው ቁጥር አይደለም።

1,500 ሜትር ላይ የአየሩ ግፊት ራሱ 635 ሚሊሜትር አካባቢ ነው። ሙሉ በሙሉ ባዶ ብታደርገው እንኳን ጌጁ ከ635 ማለፍ አይችልም፣ 650 ለናንተ በተፈጥሮ የማይደረስበት ቁጥር ነው! ጌጁ 530 ሲል የቀረው 105 ነው፣ ማኑዋሉ ከጠየቀው 110 የተሻለ። ጌጁ ትክክል ከሆነ ኤጀክተሩ ጤነኛ ነው። ማረጋገጥ ከፈለግክ የእንፋሎቱን ሙቀት ለካ፣ በ110 አብሶሉት ውሃ 54 ዲግሪ አካባቢ ላይ ይፈላል። አዲስ አበባ ቢሆን ደሞ አየሩ ራሱ 570 ገደማ ነው፣ እዛ 460 በቂ ነበር። ይሄን አትማችሁ ፓኑ አጠገብ ለጥፉት፣ ያለጥፋታችሁ እንዳትወቀሱ።

የፓን_ኦፕሬተር

መምህር እግዚአብሔር ያክብርሽ። ይሄን ለሺፍት ኃላፊያችን አሁኑኑ ነው የማሳየው።

የኢንስትሩመንት_ልጅ

ተመለስኩ፣ ውጤቱን ልንገራችሁ። ታንኩ 5 ሜትር ላይ እያለ ጋሼ እንዳሉኝ አየሩን በግማሽ ቀነስኩት፣ ጌጁ ከ7.6 ወደ 7.2 ወረደ። ትራንስሚተሩን ለይቼ ለአየር ስከፍተው ልክ 3 አለ። ስለዚህ መደፈን ነው። ፓይፑ አናት ላይ ቲ (ባለሶስት አፍ መገጣጠሚያ) አለች በመሰኪያ የተዘጋች፣ ትራንስሚተሩን ከዘጋሁ በኋላ መሰኪያዋን ፈትተን ሙቅ ውሃ ለቀቅንበት፣ መጀመሪያ እምቢ አለ ሞልቶ ቆመ፣ ረጅም ሽቦ አስገብተን ጫፉን ነካ ነካ ስናደርገው ጎደል አለና ወረደ። ደግመን ሙቅ ውሃ ለቀቅንበት። አየሩን መልሰን ስንከፍት ጌጁ 7.0 ላይ ቆመ፣ አየሩን ብጨምረውም ብቀንሰውም ከ7.0 አይነቃነቅም!! መምህር ያሉት ቁጥር ነው ልክ።

አሁን የቀረን ስኬሉ ነው። 8 ሜትር ሞላሰስ 110 ኪሎፓስካል ይመጣል፣ ትራንስሚተሩ ስሙ ላይ እስከ 200 ይላል ስለዚህ ስፓኑን (የሚለካውን ክልል) ማሳደግ እንችላለን። ጌጁን በቶን ልንጽፈው ተስማምተናል፣ ከላይ ደሞ የሙላት ማስጠንቀቂያ እንዲገጠም ጠይቀናል። ሁለት ጥያቄ ብቻ ቀረኝ፦ 110 ኪሎፓስካል በምን ሰጥቼ ካሊብሬት ላድርገው፣ ደሞ ጫፉ እንዳይደፈን ምን ይደረግ?

ዲጂታል_ይሻላል

ጎበዝ። እኔም ከዚህ ክር ተምሬያለሁ። የቶኑ ነገር ጥሩ ነጥብ ነው፣ እኛ ጋ የነዳጅ ታንክ ላይ ራዳሩን በሙቀት ማስተካከል የሚያስለፋን ለዚህ ነው።

ጡረተኛው_ቴክኒሻን

ልጄ ኮራሁብህ። ትራንስሚተሩን ዘግተህ ውሃ መልቀቅህ ከሁሉም ያስደሰተኝ እሱ ነው፣ ብዙ ሰው ይረሳውና ካፕሱሉን (ትራንስሚተሩ ውስጥ ግፊቱን የሚቀበለውን) ያፈነዳዋል።

ካሊብሬሽኑ በውሃ ማኖሜትር አይሆንልህም፣ ለ110 ኪሎፓስካል ከ11 ሜትር በላይ የሚረዝም ቱቦ ትፈልጋለህ። በኛ ጊዜ ሜርኩሪ ነበር የምንጠቀመው፣ 825 ሚሊሜትር ይበቃ ነበር፣ ግን መርዝ ነው አሁን አትንካው። የእጅ ፓምፕና የታመነ ቴስት ጌጅ ያዝ። 0፣ 27.5፣ 55፣ 82.5፣ 110 ስጠው፣ መውጫው 3፣ 6፣ 9፣ 12፣ 15 ይሁን፣ ከዛ ወደታች ስትመለስም መዝግብ። መሀሉ ከተንጋደደ ማገናኛዎቹን እይ። ዜሮና ስፓን እርስ በርስ ይነካካሉ፣ አንዱን ስታስተካክል ሌላው ይሄዳል፣ እስኪገጥሙ ድረስ ተመላለስ ትግስት ነው የሚፈልገው።

ለባብለሩ የሚሄደው ሰፕላይም እንዳይረሳ። እስካሁን 1.4 ባር ከነበረ ታንኩ ሲሞላ የሞላሰሱ ግፊት ራሱ 1.1 ይደርሳል፣ ልዩነቱ ጠባብ ነው አየሩ ይዳከማል። 2 ባር አርገው።

ስለ ጫፉ፦ ፓይፑ ሲወጣ አፉን ቀጥ አርገህ አትቁረጠው፣ በጎኑ በኩል የቪ ቅርጽ ሰርስረው፣ አረፋው ትንንሽ እየሆነ በእኩል ይወጣል ጌጁም አይርገበገብም። ከታንኩ ወለል 10 ሴንቲሜትር ያህል ከፍ አርገው፣ አተላው ውስጥ እንዳይቀበር፣ ያቺን 10 ሴንቲሜትር ደሞ ቶን ስታሰላ ደምርባት። ፓይፑ ከግማሽ ኢንች አይነስ፣ ለሞላሰስ ሶስት ሩብም አይበዛም። በየሳምንቱ በቲዋ ሙቅ ውሃ መልቀቅን ከሺፍት ስራ አስገባው፣ ሮታሜትሩን በግማሽ ቀንሶ ማየትም እንደዚሁ፣ ንባቡ ከተነቃነቀ ሳትጠብቅ አጽዳው።

የኢንስትሩመንት_ልጅ

ሁሉንም ጻፍኩት ጋሼ። ወርክሾፑ ውስጥ የሶስት ሩብ ኢንች ስቴንለስ ፓይፕ ቁራጭ አለ፣ ታንኩ ቀጥሎ ሲወርድ የቪ ጫፍ ያለው አዲስ ፓይፕ እንገጥማለን። የስፓኑን ዳታ ስጨርስ አምስቱንም ነጥብ ወደላይና ወደታች ከነንባቡ እዚሁ አስቀምጠዋለሁ።